ተማሪው መጀመሪያ ይሽጥ፣ ዕቅዱን ኋላ ይጻፍ፦ በአንድ ሴሚስተር ንግድ ማስጀመር ለሚያስተምሩ መምህራን ዝርዝር መመሪያ

ኢንተርፕረነርሺፕ ያስተማረ መምህር ሁሉ ይህን ያውቀዋል። ሴሚስተሩ ሊያልቅ ሲል ጠረጴዛው ላይ በስፓይራል የተጠረዘ ባለ 40 ገጽ ቢዝነስ ፕላን ይቆለላል። ግማሹ ዶሮ እርባታ፣ ሩቡ ካፌ፣ የቀረው ከብት ማድለብ ነው። አንድ እንቁላል የሸጠ፣ አንድ ሲኒ ቡና የቀዳ ተማሪ ግን የለም። እኔ ዘንድ ከደረሱት አንዱ «ደንበኞቻችን የሐዋሳን ሐይቅ የሚጎበኙ ቱሪስቶች ናቸው» ይላል። ልጆቹ የሚማሩት ጣና ዳር ነበር።

ጥፋቱን ሁሉ በተማሪ ላይ መጫን አይገባም። ቅደም ተከተሉን የገለበጥነው እኛ ነን፤ ዕቅዱን አስቀድመን ጠየቅን፣ ሽያጩን ጨርሶ አልጠየቅንም። ይህ መመሪያ ባሕር ዳርም ይሁን ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ 50 እና 60 ተማሪ ይዞ 16 ሳምንት ለሚያስተምር መምህር የተዘጋጀ ነው። ሴሚስተሩ ከታጠፈና ሳምንቶቹ ካነሱብዎት ደረጃ 3ን እና ደረጃ 7ን ያሳጥሩ። ደረጃ 4ን እና 5ን ግን አንድ ቀንም አይቀንሱባቸው።

ዝግጅት፦ ክፍል ከመጀመሩ ሁለት ሳምንት በፊት

1. ሁለት ደብዳቤ ያጽፉ። አንዱ ከትምህርት ክፍሉ ለተማሪዎች አገልግሎትና ለግቢ ጥበቃ የሚሄድ፣ ተማሪዎቹ ለኮርስ ሥራ በግቢ ውስጥ መሸጥ እንደሚችሉ የሚገልጽ ነው። ሌላው ለከተማው ንግድና ገበያ ልማት ጽሕፈት ቤትና ለገቢዎች የሚሄድ የትብብር ደብዳቤ ነው። ይህን ያላደረገ መምህር በስምንተኛው ሳምንት፣ በር ላይ ፍተሻ የያዘባቸውን የተማሪዎች ዕቃ ለማስለቀቅ ሲሯሯጥ ይውላል።

2. የነጥብ አሰጣጡን ወስነው በመጀመሪያው ቀን ያሳውቁ። እኔ የምጠቀምበት፦ የመስክ ደብተር 25፣ የሙከራ ሽያጭና የሂሳብ መዝገብ 30፣ የተጻፈ ዕቅድ 20፣ ፋይናል 25። ትምህርት ክፍሉ ለፋይናል 50 ከመቶ ካስገደደ ደብተሩን 15፣ ሽያጩን 25፣ ዕቅዱን 10 ያድርጉት።

ማስጠንቀቂያ፦ ለትርፍ ነጥብ አይስጡ። ትርፍ ነጥብ ካስገኘ በሳምንቱ የተፈበረከ ደረሰኝ ይደርስዎታል። የሚታረመው መዝገቡ ትክክል መሆኑ ነው። ከስሮ መዝገቡን በትክክል የያዘ ቡድን 30ውን ሙሉ ያገኛል።

3. የገንዘብ ጣሪያ ያስቀምጡ። አንድ ተማሪ የሚያዋጣው በአንድ ሳምንት ላውንጅ ከሚያወጣው መብለጥ የለበትም። ከቤተሰብ ገንዘብ ማስላክ ክልክል መሆኑን በጽሑፍ ያስፈርሙ። ይህ ቀልድ አይደለም። «መነሻ ካፒታል ለኮርስ ያስፈልገኛል» የሚል ስልክ የደረሰው የገጠር አባት በግ ነድቶ ገበያ ይወጣል።

4. የጊዜ ሰሌዳዎን ከቀን መቁጠሪያው ጋር ያስታርቁ። የከተማውን የገበያ ቀናት፣ ጾሞቹን፣ በዓላቱን፣ የሚድ ሳምንትን በአንድ ወረቀት ላይ ያስፍሩ። ሴሚስተሩ ከዐቢይ ጾም 55 ቀናት ጋር ከገጠመ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የሚነካ ሐሳብ ሁሉ ከወዲሁ ሌላ መልክ ይይዛል። ረመዳን ከሆነ ደግሞ ሽያጩ ወደ ማምሻ ይዞራል።

ደረጃ 1፦ ቡድን (ሳምንት 1)

ተማሪዎቹ ራሳቸው እንዲቧደኑ አይፍቀዱ። የአንድ ዶርም ልጆች ከተቧደኑ አንዱ ሲያጠፋ ሌላው ይሸፍናል። በየቡድኑ ከአራት እስከ አምስት ሰው ያድርጉ። አንዱ የከተማው ልጅ ይሁን፣ ገበያውንና ደላላውን ያውቃል። አንዱ ከገጠር የመጣ ይሁን፣ ምርቱ መቼ እንደሚረክስና መቼ እንደሚወደድ ያውቃል። ቀሪዎቹ እንደ ዕጣቸው።

ከዚያ አንድ ገጽ ስምምነት ያስጽፉ። አራት ነገር ይኑረው፦ ማን ስንት አዋጣ፣ ትርፍ እንዴት ይከፈላል፣ ኪሳራ እንዴት ይከፈላል፣ የማይሠራ አባል እንዴት ይወጣል። ተማሪዎች ሦስተኛውን መጻፍ አይወዱም፤ «መምህር፣ ገና ሳንጀምር ኪሳራ ማውራት ደስ አይልም» ይላሉ። ያስጽፏቸው።

ስሙን ብቻ የሚያስገባ ሰው ከተገኘ፦ ቡድኑ ሁለት ጊዜ በጽሑፍ ያስጠንቅቀው፣ በሦስተኛው ያሰናብተው። የተሰናበተው ብቻውን ከደረጃ 2 ይጀምራል። አንድ ሰው ይህ ከደረሰበት በኋላ ክፍሉ በሙሉ ሥራ ሲይዝ ያያሉ።

ደረጃ 2፦ ገበያ መዋል (ሳምንት 2 እና 3)

መጠይቅ አይፍቀዱ። በዚህ ደረጃ ወረቀት በትኖ መሰብሰብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው መቀመጥና ማየት ነው።

1. እያንዳንዱ ተማሪ በሁለት የተለያዩ ቀናት፣ በየቀኑ ሁለት ሁለት ሰዓት ገበያ ይዋል። አንደኛው የከተማው ዋና የገበያ ቀን ይሁን። ሁለተኛው ግቢው ራሱ ሊሆን ይችላል። ሺዎች የሚበሉበት፣ የሚያጥቡበትና ፎቶኮፒ የሚያነሱበት ግቢ ከብዙ የወረዳ ከተማ ይሻላል።

2. ደብተሩ ላይ አሥር ያየውን ነገር ይጻፍ። «ሕዝቡ የአትክልት አቅርቦት ችግር አለበት» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲያገኙ በቀይ ይሰርዙ። ትክክለኛው እንዲህ ነው፦ «ቅዳሜ፣ 8 ሰዓት ገደማ። ከመራዊ በኩል በአይሱዙ የመጣ ሽንኩርት። ጠዋት በኪሎ የሸጡት ሴትዮ ከሰዓት በኋላ በክምር መሸጥ ጀመሩ። ሦስት ጆንያ ሳይሸጥ ቀረ። ለሊቱን የት እንደሚያሳድሩት ጠየቅኳቸው፤ ማደሪያ ተከራይተዋል።» እዚህ ውስጥ ቢያንስ ሁለት የንግድ ሐሳብ አለ። ከላይኛው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ምንም የለም።

3. አነጋገሩን ያለማምዷቸው። ባዶ እጁን ቆሞ የሚጠይቅ ተማሪ ግብር ሰብሳቢ ይመስላል፤ ሻጩም ዝም ይላል ወይም ይዋሻል። መጀመሪያ ይግዛ። «እትዬ፣ ገበያው ይቅናዎት። ግማሽ ኪሎ ይመዝኑልኝ።» ሚዛኑ ላይ እያለ፦ «ዛሬ ቶሎ ያለቀልዎ የትኛው ነው? ይዘውት የሚመለሱትስ?» ሁለት ጥያቄ በቂ ነው። ስልክ አውጥቶ ፎቶ ማንሳት ግን ሳያስፈቅዱ አይሆንም።

ሁሉም ዶሮ ይዞ ከመጣ፦ ይመጣል። በዚህ ኮርስ ዶሮ፣ ካፌና ማድለብ አይፈቀዱም ይበሉ፣ ምክንያቱንም ይንገሯቸው። ሥራዎቹ መጥፎ ሆነው አይደለም። የእንቁላል ጣይ ጫጩት መጣል የምትጀምረው አምስት ወር ገደማ ሲሆናት ነው፤ ሴሚስተሩ ግን በአራት ወር ያልቃል። ተማሪው ዕድሜዋን ቆጥሮ ራሱ ቢደርስበት ደግሞ የተሻለ ነው።

ደረጃ 3፦ ሐሳብ ማጥራት (ሳምንት 4)

እያንዳንዱ ቡድን አምስት ሐሳብ ያቅርብ። ሦስት ወንፊት ብቻ ይጠቀሙ፦ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሊሸጥ ይችላል? በገንዘብ ጣሪያው ውስጥ ይሠራል? ቢበላሽ ሰው ይጎዳል? ሦስቱንም ያለፈው አንድ ሐሳብ ይቀጥላል። ሁለት ካለፉ ዕጣ ያውጡ፤ በክርክር ሳምንት አይፍጁ።

ደረጃ 4፦ ቀብድ (ሳምንት 5 እና 6)

ብዙ መምህራን ሳያውቁት የሚዘሉት ደረጃ ይህ ነው። እዚህ ላይ ቀስ ይበሉ።

ሰዉ ይሉኝታ አለው። አንድ ልጅ ደብተር ይዞ «እንዲህ ያለ አገልግሎት ብንጀምር ትጠቀማለህ?» ብሎ ሲጠይቅ «አልጠቀምም» የሚል የለም፤ ነውር ነው። «በርቱ፣ ጎበዞች፣ እንዲህ ነው የተማረ ሰው» ይላል፤ ይመርቃልም። ተማሪው ምርቃቱን ቆጥሮ «98 ከመቶ የሚሆኑት ፍላጎት አላቸው» ብሎ ይጽፋል። ከአንገት በላይ የተሰጠ መልስ ሁሉ ወደ ቁጥር ተቀይሮ ዕቅዱ ውስጥ ይገባል ማለት ነው።

ስለዚህ ማስረጃን በሦስት ይክፈሉ፤ ተማሪውም ደብተሩ ላይ በሦስት ዓምድ ይያዘው።

ምርቃት፦ «ጥሩ ነው» ማለት ብቻ። ነጥቡ ዜሮ።
ቀጠሮ፦ ስልኩን ሰጥቶ «ሐሙስ ከሰዓት አምጡልኝ» ያለ። ነጥቡ አንድ።
ቀብድ፦ ዛሬ ከኪሱ አውጥቶ የከፈለ። ነጥቡ አምስት።

ቡድኑ ወደሚቀጥለው ደረጃ የሚያልፈው አሥር ቀብድ ሲይዝ ነው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦

1. ስላለፈው ይጠይቁ። «ባለፈው ወር ጋቢህን ማን አጠበው? ስንት ከፈልክ? ስንት ቀን ፈጀ?» ስላለፈው የሚሰጥ መልስ እውነት ነው። ስለወደፊቱ የሚሰጥ መልስ ግን ምርቃት ነው።

2. ዋጋውን በግልጽ ይናገሩ። «ጋቢና ብርድ ልብስ እናጥባለን። ቅዳሜ ጠዋት ወስደን እሑድ ማታ ታጥፎ ይመጣል። 60 ብር ነው፤ ዛሬ 20 ብር ቀብድ የከፈለ ተራ ይይዛል።»

3. ዝም ይበሉ። ተማሪ እዚህ ጋ አይችልም። ዝምታው ሲከብደው «ግን አሁን ባይኖርህ ችግር የለም» ይላል፤ በዚህ አፍታ ሽያጩ ያልቃል። ክፍል ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው አሥር ጊዜ ይለማመዱት። መጀመሪያ ይስቃሉ። ከአምስተኛው በኋላ ሳቁ ይቆማል።

4. ደረሰኝ ይስጡ። ቅጠል ወረቀት ላይ ቀን፣ ስም፣ መጠንና ፊርማ። ቀብድ የሰው ገንዘብ ነው፤ ሥራው እስኪሠራ አይነካም። ሥራው ከቀረ በ48 ሰዓት ውስጥ ይመለሳል። ያልመለሰ ቡድን ከሽያጭ ነጥቡ ግማሹን ያጣል፤ ይህንንም አስቀድመው ይንገሯቸው።

ማንም ካልከፈለ፦ ሐሳቡን አይጣሉት፤ አንድ ነገር ብቻ ይቀይሩ። ወይ ዋጋ፣ ወይ መጠን፣ ወይ ቦታ፣ ወይ ገዢ። ሁለቱን አንድ ላይ ከቀየሩ የትኛው እንደሠራ አያውቁም። የልብስ አጠባ ይዞ የመጣ አንድ ቡድን ነበረኝ። ከጠየቋቸው ውስጥ «አንፈልግም» ያለ አልነበረም፤ ቀብድ ሲሉ አራት ሰው ብቻ ከፈለ። ተስፋ ቆርጠው መጡ። የከፈሉት አራቱ ምን ሰጡ ብዬ ጠየቅኳቸው። አራቱም የሰጡት ጋቢና ብርድ ልብስ ነው። ሸሚዙን ማንም በባልዲ ያጥባል፤ ውኃ የጠጣ ጋቢ ግን ለሁለት ሰው እንኳ ይከብዳል። ሸሚዝና ሱሪውን ትተው ጋቢና ብርድ ልብስ ብቻ አሉ። በሳምንቱ ቀብዱ ሞላ።

ጓደኛ ብቻ ከከፈለ፦ የዶርምና የክፍል ጓደኛ ቀብድ አይቆጠርም። እሱም ይሉኝታ ነው፤ ብር ያለበት ይሉኝታ።

ደረጃ 5፦ ሂሳብ (ሳምንት 7)

ሦስት ስህተት ደጋግሞ ይመጣል። ሦስቱንም በሰሌዳ ላይ ይሥሩላቸው። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች ለማስላት እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው፤ ተማሪው በራሱ ገበያ ዋጋ ይተካቸው።

አንደኛ፣ የሚጠፋውን ክብደት መርሳት። አንድ ቡድን ቆሎ በ100 ግራም አሽጎ ሊሸጥ ነው። 10 ኪሎ ገብስ በ100 ብር ሒሳብ 1,000 ብር። ማስፈተጊያና ከሰል 200፣ ትራንስፖርት 40፣ ከረጢት አንዱ 2 ብር። ተማሪው 10 ኪሎ ማለት 100 ከረጢት ነው ይላል። ጠቅላላ ወጪ 1,440፣ ለአንዱ 14 ብር ከ40። በ16 ብር ሸጦ 160 ብር ሊያተርፍ ነው።

ግን ገብሱ ሲፈተግ ገለባው ይሄዳል፣ ሲቆላ ደግሞ እርጥበቱ ይተናል። ሚዛን ላይ ሲወጣ 8 ኪሎ ሆነ እንበል። ከረጢቱ 80 ነው። ወጪው 1,400፣ ለአንዱ 17 ብር ከ50። በ16 ብር የሸጠ በእያንዳንዱ 1 ብር ከ50 ይከስራል፤ በሰማንያው 120 ብር። ሁሉንም ሸጦ ጨርሶ፣ ተጨብጭቦለት፣ ከስሮ ይገባል። መድኃኒቱ አንድ ነው፦ መጀመሪያ ሁለት ኪሎ ብቻ ቆልቶ መመዘን። ለበርበሬም፣ ለሽሮም፣ ለቡናም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛ፣ ኪራይን ከትርፍ ጋር አለማነጻጸር። ይኸው ቆሎ በ20 ብር ቢሸጥ በአንዱ ላይ 2 ብር ከ50 ይተርፋል። ቡድኑ በወር 3,000 ብር ኮንቴይነር ልከራይ ቢል ለኪራይ ብቻ 1,200 ከረጢት መሸጥ አለበት፤ እሑድን ጨምሮ በየቀኑ 40። ብሬክ ኢቨን የሚባለው ይኸው ነው። በመጽሐፉ ቀመር ከማስረዳት «በቀን ስንት?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ተማሪው «40» ብሎ ከመለሰ በኋላ ራሱ ኮንቴይነሩን ይተወዋል።

ሦስተኛ፣ ዓመቱን ሁሉ አንድ አድርጎ መቁጠር። ዶሮ ብንከለክልም ለማስተማሪያ እንጠቀምባት። «100 ዶሮ በቀን 80 እንቁላል፣ በዓመት 29,200 እንቁላል» ይላል ዕቅዱ፤ ከዚያ በዋጋ ያባዛል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ፍልሰታ 15 ቀን፣ የነቢያትና የሐዋርያት ጾም አለ፣ ረቡዕና ዓርብ አለ። ጎጃም ውስጥ በእነዚህ ቀናት እንቁላል የሚገዛው ጥቂት ነው። ዶሮዋ ግን ጾም የላትም፤ ትበላለች፣ ትጥላለችም። ተማሪው የዓመቱን ቀን መቁጠሪያ ዘርግቶ የሚሸጥበትንና የማይሸጥበትን ሳምንት በቀለም ይለይ። ጤፍ ከሆነም መኸር ተሰብስቦ እህል ገበያ ላይ ሲበዛና ክረምት ሲገባ ያለው ዋጋ አንድ አይደለም።

ከዚህ በኋላ «የአምስት ዓመት የገቢ ትንበያ» የሚል ሠንጠረዥ አይቀበሉ። ላም አለኝ በሰማይ ነው። የአምስት ሳምንት ይበቃል።

መዝገቡ አራት ዓምድ ይኑረው፦ ቀን፣ የገባ፣ የወጣ፣ በእጅ ያለ። በየማታው ሁለት ሰው ቆጥሮ ይፈርም። ገንዘብ ያዡና መዝገብ ያዡ የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። በቴሌብር የገባው በአንድ አባል ስልክ ላይ ከሆነ ከግል ገንዘቡ ጋር እንዳይደባለቅ በዚያው ማታ በመዝገቡ ይለይ። እርስዎ መምህሩ ግን የተማሪ ገንዘብ በምንም ምክንያት በእጅዎ አይያዙ፤ ለአንድ ሌሊት አደራም ቢሆን።

ደረጃ 6፦ የሙከራ ሽያጭ (ሳምንት 8 እስከ 10)

1. በትንሹ ይጀምሩ። ቀብድ የከፈሉትን ብቻ ያገልግሉ። ተጨማሪ ማምረት የሚፈቀደው የመጀመሪያዎቹ አሥር ረክተው ከተመለሱ ነው።

2. ምግብ ከሆነ ደረቅ ነገር ብቻ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ሽሮ ይፈቀዳል። ወተት፣ ሥጋ፣ ወጥ ያለበት ነገር በተማሪ እጅ አይሸጥ። አንድ ዶርም ሆዱን ቢያመው ኮርሱ በዚያው ይዘጋል፣ ልክም ነው።

3. ዱቤ የለም። ይህን በካርቶን ላይ ጽፈው ይስቀሉት። «እኔን ነው? ጓደኛህን?» ሲባል የሚመልሱትን አስቀድመው ያጥኑ፦ «የግሩፑ ገንዘብ ነው፣ ማታ ይቆጠራል፣ እኔ ነኝ የምከፍለው።» እውነት ስለሆነ ይሠራል።

4. ኀፍረቱን በግልጽ ያንሱ። «ዲግሪ ልይዝ ነው፣ ቆሎ ልሽጥ?» የሚል ስሜት በየክፍሉ አለ፤ በተለይ የአገሩ ሰው በሚያልፍበት መንገድ። መስበክ አይጠቅምም። የመጀመሪያውን ቀን ሁለት ሆነው ይውጡ፣ ከማያውቋቸው ሰዎች ይጀምሩ፣ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቁሙ። እርስዎም አንድ ጊዜ ሄደው ይግዙ፣ ዋጋ ይከራከሩ፣ ከፍለው ይሂዱ። መምህሩ ሲገዛ ካዩ ግማሹ ኀፍረት ይወጣል።

ነገር ሲበላሽ፦

እስከ ቀትር ምንም ካልተሸጠ ቦታ ይቀይሩ፣ ዋጋ አይቀንሱ። ዋጋ ቀትር ላይ የቀነሰ ነገ ጠዋት ማንም በሙሉ ዋጋ አይገዛውም።

ኔትዎርክ ከጠፋ ቴሌብር የለም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ ዝርዝር ብር ይያዝ። መንገድ ከተዘጋና ዕቃ ከወረዳ ካልመጣ ቀብድ የከፈሉትን በዚያው ቀን አግኝተው ይንገሯቸው፣ ይመልሱ ወይም ቀን ያራዝሙ። ተደብቆ ጥሬ ዕቃ መጠበቅ ቀብድ ከመመለስ የከፋ ያስከፍላል። ከዚህ በኋላ ከአንድ አቅራቢ ላይ ብቻ የተንጠለጠለ ቡድን ሁለተኛ ይፈልግ፤ አንዱ ከቅርብ ይሁን።

ገንዘብ ከጎደለ የጎደለውን በዚያው ማታ «ጎድሏል» ብሎ ይጻፍ። ከኪስ አሟልቶ መሸፈን አይፈቀድም፤ በሚቀጥለው ሳምንት መጉደሉ ይደገማልና።

ደረጃ 7፦ አሁን ዕቅዱን ይጻፉ (ሳምንት 11 እና 12)

ከስምንት ገጽ አይብለጥ። ገዢው ማን እንደሆነ አንድ ገጽ፣ ምን እንደሚሸጥና እንዴት እንደሚሠራ ሁለት ገጽ፣ ሂሳብ ሁለት ገጽ፣ የዓመቱ ቀን መቁጠሪያ አንድ ገጽ፣ ሊበላሽ የሚችለው አንድ ገጽ፣ የሚቀጥሉት ሦስት ወራት አንድ ገጽ። እያንዳንዱ ቁጥር አጠገብ የመጣበት የደብተር ገጽ ይጻፍ። «ደብተር 2፣ ገጽ 14» የሚል የሌለበትን ቁጥር ይሰርዙ። ይህ ሕግ ብቻውን ከኢንተርኔት መገልበጥን ያስቀራል፤ ከሌላ ከተማ የተገለበጠ ዕቅድ የራሱ ደብተር የለውማ።

ደረጃ 8፦ ፈቃድና ግብር (ሳምንት 13 እና 14)

ሁሉም ቡድን ፈቃድ ማውጣት የለበትም። ሁሉም ግን ሂደቱን በእግሩ ሄዶ ማየት አለበት። የትብብር ደብዳቤውን ይዘው ይሂዱ፤ በየቢሮው የሚጠየቀውን በራሳቸው ጽሑፍ ይመዝግቡ።

የግለሰብ ነጋዴ መንገድ በአጭሩ ይህ ነው፦ መታወቂያ፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ የንግድ ስም፣ የንግድ ምዝገባ፣ ዘርፉ ከጠየቀ የብቃት ማረጋገጫ፣ በመጨረሻ የንግድ ፈቃድ። የፋይዳ መታወቂያ የሌለው ተማሪ አስቀድሞ ያውጣ። በቡድን መሥራት የሚፈልጉ ወደ ሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ሄደው በኢንተርፕራይዝ መደራጀትን ይጠይቁ። አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ማቋቋም እንደሚችል ደግሞ ብዙ መምህር እስካሁን አያስተምርም፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ ይፈቅዳል። «ቢያንስ ሁለት ሰው» የሚለው የ1952ቱ ሕግ ነው። የገቢ ግብር አዋጁም በ2017 ተሻሽሏል። የድሮ ስላይድዎ ላይ ያለውን የሀ፣ ለ፣ ሐ የግብር ከፋይ ክፍፍል ሳያርሙ አይጠቀሙበት፤ ተማሪዎቹ ከገቢዎች ዘንድሮ የሚሠራበትን ጽፈው ይምጡ፣ ስላይዱን በዚያ ያድሱ።

ማስጠንቀቂያ፦ ተማሪ ሽያጭ ሳይኖረው ፈቃድ እንዲያወጣ አያበረታቱ። ፈቃድ ካለ ግብር ማሳወቅ አለ፣ ባይሸጥም። ሥራውን ሲተው ፈቃዱን መመለስና ክሊራንስ (የግብር ዕዳ እንደሌለበት ማረጋገጫ) ማግኘት ይኖርበታል። ማውጣቱ ቀላል ሆኖ ተመርቆ አገሩ ከገባ በኋላ ለመመለስ የሚመላለስ ልጅ አጋጥሞኛል። ሁለት ወር ተከታታይ ሽያጭ የመዘገበ ቡድን ብቻ ይግባበት።

ስለ ገንዘብ ምንጭ ሲያስተምሩ ከዕቁብ ይጀምሩ። ወለድ የለውም፣ ተግሣጽ ያስተምራል፣ የቡድኑ አባላትም አሠራሩን ያውቁታል። ከዚያ ወደ ባንክ ይሂዱ። ድሮ አብቁተ (የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም) የምንለው ዛሬ ጸደይ ባንክ ነው። ተማሪዎቹ እዚያም ሆነ ሌላ ባንክ ሲሄዱ «ብድር ትሰጣላችሁ?» ብለው አይጠይቁ። ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ ዋስትናው ምንድን ነው? የመጀመሪያው ክፍያ መቼ ይጀምራል? አንድ ወር ቢዘገይ ምን ይሆናል? በተለይ ሁለተኛው በግብርና ለሚሠሩ ወሳኝ ነው፤ ድንች ሳይደርስ ክፍያ ከጀመረ ብድሩ ከዘሩ ይቀድማል።

ደረጃ 9፦ ዳኞችና መዝጊያ (ሳምንት 15 እና 16)

ዳኞቹ መምህራን አይሁኑ። አንድ የጅምላ ነጋዴ፣ አንድ የወፍጮ ወይም የባልትና ባለቤት፣ አንድ የባንክ ብድር ባለሙያ ይጥሩ። ሰዓታቸውን ያክብሩ፤ የገበያ ቀን ላይ ነጋዴ አይጠራም። ፕሮጀክተር አይኑር። ቡድኑ ደብተሩንና መዝገቡን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጥ፣ ሦስት ደቂቃ ይናገር፣ አሥር ደቂቃ ይጠየቅ። ነጋዴዎቹ የሚጠይቁትን ላያምኑ ይችላሉ፦ ራእያችሁ ምንድን ነው አይሉም። «ከረጢቱን ከማን ገዛችሁ? ለምን ከእሱ?» ይላሉ።

አንድ ቡድን መልስ ካጣ አያድኑት። ዝምታውን ይተዉት፤ ከዚያ ዳኛው ራሱ የሚሠራበትን እንዲነግራቸው ይጋብዙት።

በመጨረሻው ሳምንት፦ ያልተሠራበት ቀብድ ይመለስ፣ የቀረው ገንዘብ በስምምነቱ መሠረት ይከፈል፣ ሁሉም ይፈርም። መቀጠል የሚፈልግ ቡድን አዲስ ስምምነት ይጻፍ፤ የኮርሱ ስምምነት ለእውነተኛ ሽርክና አይበቃም። ደብተሮቹን ሰብስበው በመደርደሪያዎ ያስቀምጡ፤ በመጪው ዓመት በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አዲሶቹ ቡድኖች የሚያነቡት ከመጽሐፉ ይልቅ እነሱን ነው። የከሰረውን ቡድን ደብተር ከላይ ያድርጉት።